«እየሰጠሁ ለምን ደስ አይለኝም?»

ጥያቄ፦ «የ36 ዓመት ሴት ነኝ። አዲስ አበባ በሒሳብ ሥራ ተቀጥሬ እሠራለሁ። ለቤቱ የመጀመሪያ ልጅ ነኝ። የእናቴ የስኳርና የግፊት መድኃኒት በእኔ ነው። ወንድሜ ከተመረቀ ሁለት ዓመት ሆነው፣ ሥራ ስላላገኘ በየሳምንቱ በቴሌብር እልክለታለሁ። ከዚያ እድር፣ የቢሮ መዋጮ፣ ሠርግ፣ ልደት፣ ለታመመ፣ ለሞተ። ደሞዜ ገብቶ ሳምንት አይቆይም። ስልኬ ላይ ደግሞ ‹መስጠት ደስታ ነው፣ ግፊት ይቀንሳል፣ ዕድሜ ይጨምራል› የሚል ነገር ይዞራል። እኔ ግን ስሰጥ ደረቴን ነው የሚጨንቀኝ። ልቤ ደንድኖ ይሆን? ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ደግሞ ይደብረኛል። ጓደኛዬ ‹በጎ ፈቃድ ሥራ ጀምሪ፣ ይለቅሻል› አለችኝ። እውነት ነው?»

መልስ፦ በዕድሜ ታናሼ ስለሆንሽ አንቺ እያልኩ ልመልስልሽ።

ልብሽ አልደነደነም። ነገር ነው የተቀላቀለብሽ። «መስጠት» ብለሽ በአንድ ከረጢት የከተትሻቸው ነገሮች አንድ ዓይነት አይደሉም። የእናትሽ መድኃኒት ግዴታ ነው። የቢሮው መዋጮ በአብዛኛው ይሉኝታ ነው። ደስታ ያመጣል የሚባለው ሦስተኛው ዓይነት፣ ማንም ሳያስገድድሽ ወደሽ የምታደርጊው ደግነት፣ ጥያቄሽ ውስጥ ፈልጌ አጣሁት። ሁለቱ ቦታውን ጨርሰውታል።

ስልክሽ ላይ የሚዞረው ነገር መሠረት አለው። እ.ኤ.አ. በ2008 (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመቶችም እንዲሁ እ.ኤ.አ. ናቸው) ኤሊዛቤት ደን፣ ላራ አክኒንና ማይክል ኖርተን የሚባሉ ተመራማሪዎች ካናዳ ቫንኩቨር ውስጥ 46 ሰዎችን ይዘው አንድ ሙከራ አደረጉ። ጠዋት ለእያንዳንዱ ፖስታ ሰጡት። አንዳንዱ ፖስታ ውስጥ 5፣ አንዳንዱ ውስጥ 20 ዶላር ነበር። ግማሾቹ ብሩን እስከ 11 ሰዓት ለራሳቸው እንዲያወጡት ተነገራቸው። ግማሾቹ ደግሞ ለሌላ ሰው። ማታ ስሜታቸው ሲጠየቅ ለሌላ ሰው ያወጡት የበለጠ ደስ ብሏቸው ተገኙ። 20 የደረሳቸውም 5 ከደረሳቸው አልበለጡም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በይ። ብሩ በእጃቸው የተሰጣቸው ነው። ከቤት ኪራይ ላይ አልቀነሱትም። ደግሞም አንድ ፖስታ፣ ለአንድ ቀን ነው። ሙከራው ስልክሽ ላይ እስኪደርስ ድረስ ይሄ ሁሉ ተቆርጦ ወድቋል።

«የጠገበ ሰው ነገር ነው» እንዳትዪ ግን። እነዚሁ ተመራማሪዎች ከሌሎች ጋር ሆነው በ2013 ባወጡት ሥራ ካናዳና ኡጋንዳ ውስጥ ሰዎችን ጠየቁ። ለራሳቸው ወይም ለሌላ ሰው ገንዘብ ያወጡበትን አንድ ጊዜ እንዲያስታውሱ ነበር ጥያቄው። በሁለቱም አገር ለሌላ ሰው ማውጣታቸውን ያስታወሱት የተሻለ ደስታ ተሰማቸው። ካናዳዊቷ ለእናቷ የልደት ስጦታ መግዛቷን ታስታውሳለች። ኡጋንዳዊው የጓደኛው ልጅ ወባ ታሞ ለሕክምና መስጠቱን። ስለዚህ ለመድኃኒት የሚሰጥ ብር ደስ አያሰኝም ማለት አይቻልም። አንቺን የሚጨንቅሽ ሌላ ነገር ነው።

መጠኑንም እንወቀው። ኦሊቨር ከሪና ባልደረቦቹ በ2018 27 ሙከራዎችን አንድ ላይ ሰብስበው መረመሩ። ደግነት ለሚያደርገው ሰው የሚሰጠው ደስታ እውነት ሆኖ ተገኘ፤ ግን ከትንሽ እስከ መካከለኛ ነው። ወጥ ውስጥ እንዳለ ጨው ውሰጂው። ያለሱ ይጎድላል። እሱን ብቻውን ግን ማንም አይበላም።

ታዲያ ደስታው የት ጠፋብሽ? ኔታ ዋይንስታይንና ሪቻርድ ራያን በ2010 ያሳተሙት ሥራ ለአንቺ ጥያቄ ከሁሉም የሚቀርበው ነው። ተማሪዎች በየቀኑ ማንን እንደረዱና ለምን እንደረዱ ይመዘግቡ ነበር። ፈልገው በረዱበት ቀን መንፈሳቸው ከፍ አለ። «ይቀየሙኛል» ብለው ወይም ተገደው በረዱበት ቀን ግን ያ ደስታ የለም። የሚገርመው የተረጂው ነገር ነው። ተቀባዩም ቢሆን በፈቃድ ከተረዳ የበለጠ ይጠቀማል። እኛ ለዚህ የተዘጋጀ ቃል አለን፣ ይሉኝታ እንለዋለን። ወጣቶቹ «ሼም ይዞኝ ሰጠሁ» ይላሉ። ያው ነው።

ይሉኝታ ምን እንደሚመስል ከራሴ ላውራልሽ። ድሮ ተቀጥሬ በምሠራበት ቦታ አንድ ባልደረባችን ታመመና የመዋጮ ወረቀት ወጣ። ወረቀቱ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ይዞራል። መጀመሪያው መስመር ላይ የኃላፊው ስም፣ ከጎኑ 100 ብር። ቀጥሎ 50። ቀጥሎ 50። አራተኛው ሰው 20 ጽፎ ሰርዞ 50 አድርጎታል፤ ስርዙ ከሩቅ ይታያል። እኔም 50 ጻፍኩና ፈረምኩ። ኪሴ ውስጥ ያለው የሳምንት ታክሲዬ ነበር። የሰውየው ሕመም ምን እንደሆነ የጠየቅኩት እስክሪብቶውን ካስቀመጥኩ በኋላ ነው። እግሩ ተሰብሮ ኖሯል። የዚያን ዕለት ወደ ቤቴ የሄድኩት በእግሬ ነው፤ መንገዱን ሙሉም የማስበው ያንን በሽተኛ ሳይሆን ያንን ኃላፊ ነበር። ከሳምንት በኋላ ጥቂት ብርቱካን ይዤ ቤቱ ሄድኩ። ከእግሩ ሥር ትራስ አስገብቶ ተቀምጧል። ዳማ አወጣ። ሦስት ጊዜ አሸነፈኝ። ስወጣ ቀልሎኝ ነበር፣ እሱም በር ድረስ በክራንች እየተንፏቀቀ ሸኘኝ።

ወንጌሉ ቀኝህ የምትሠራውን ግራህ አትወቅ ይላል። የመዋጮ ወረቀት ግን የቀኝ እጅን ሥራ ለመላው ቢሮ የሚያሳውቅ ነው። መዋጮ ይቅር አላልኩም፤ ብዙ ሰው ከችግር ወጥቶበታል። ከእሱ ደስታ አትጠብቂ ነው የምልሽ።

ደስታው የሚመጣባቸውን መንገዶች ከተመለከትን ሁለት ሦስት ነገሮች ይደጋገማሉ። ራስሽ መርጠሽዋል። ብሩ ወይም ጊዜሽ የት እንደደረሰ ታይዋለሽ። ከተቀባዩ ጋር ያቀራርብሻል። ሁለት ዓመት ያልሞላቸው ሕፃናት ላይ በ2012 የተሠራ ሥራ አለ፤ አክኒንና ደን እዚህም አሉበት። ሕፃናቱ ትንንሽ ብስኩት ይሰጣቸዋል። ፊታቸው ላይ ከፍ ያለ ደስታ የታየው ብስኩቱን ሲቀበሉ ሳይሆን ለአሻንጉሊት ሲሰጡ ነው። ከሁሉ የበለጠው ደግሞ ከራሳቸው ሳህን አንስተው ሲሰጡ። ልጅ አጉርሶት የሚያውቅ ሰው ይሄ አይደንቀውም። ገና መራመድ የጀመረ ሕፃን በሽሮ የተለወሰች እንጀራ ይዞ አፍሽ ድረስ ሲመጣ፣ ስትጎርሺለት ፊቱን አይተሽው የለ? ጉርሻ ሦስቱንም አሟልቷል። በእጅሽ ነው፣ በዓይንሽ ታይዋለሽ፣ ሰውየውም አጠገብሽ ነው። በቴሌብር የተላከ ብር ሦስቱንም ሊያጣ ይችላል። ቁጥር ይወጣል፣ «ተሳክቷል» የሚል መልእክት ይመጣል፣ አለቀ። ከአረብ አገር የሚጽፉልኝ እህቶች ምሬትም ብዙውን ጊዜ እዚህ ላይ ነው። ዓመታት ልከው የተሠራውን ቤት በፎቶ እንኳ ያላዩ አሉ።

እድርን ከሌሎቹ ጋር ቀላቅለሽዋል፣ እሱን ለዪልኝ። እድር ሲመሠረት ጀምሮ ልክ አለው። ወርሃዊው መዋጮ ይታወቃል። ደንብ አለው፣ መዝገብ አለው፣ ለቀረ ሰው ቅጣት አለው። ማንም ተነስቶ «አንቺ ደሞዝሽ ጥሩ ነው፣ ሦስት እጥፍ ክፈዪ» አይልሽም። ሐዘን ሲመጣ ድንኳኑ ይተከላል፣ ሴቶቹ ሽንኩርት ለመክተፍ ይሰበሰባሉ፣ ተራው ሲደርስ ለአንቺም እንደዚያው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚባለው ይሄ ነው። አንቺ ግን ቤተሰብሽ ውስጥ ሃምሳውንም ሎሚ ብቻሽን ተሸክመሻል። የመጀመሪያ ልጅ ነኝ ብለሻል። ከወንድምሽ ሌላ እህት ወንድም ካለሽ ጥያቄሽ ላይ የሉም። ለእናታችሁ መድኃኒት ምን ያዋጣሉ?

የጤናውን ጉዳይ ባጭሩ። አሽሊ ዊላንስና ባልደረቦቿ በ2016 ደም ግፊት ያለባቸውን አዛውንቶች ለሦስት ሳምንት በየሳምንቱ 40 ዶላር ሰጧቸው። ለሌላ ሰው እንዲያወጡት የተደረጉት ግፊታቸው ለራሳቸው ካወጡት ዝቅ ብሎ ተገኘ። ደስ ይላል። ግን ሰዎቹ ጥቂት ናቸው፣ ጊዜው አጭር ነው፣ ገንዘቡም የራሳቸው አልነበረም። እናትሽ በዚህ ተማምነው አንዲት ኪኒን እንዳይዘሉ። ስለ ዕድሜም እንዲሁ ነው። በ2003 የታተመ የአሜሪካ ጥናት 423 አረጋውያን ባልና ሚስቶችን ለአምስት ዓመት ተከታትሎ ሌላውን የሚደግፉት ሰዎች በዚያ ጊዜ ውስጥ የመሞት ዕድላቸው ዝቅ ያለ መሆኑን አይቷል። ይሄ ክትትል ነው፣ ሙከራ አይደለም። ጤነኛ ሰው ሌላውን ለመርዳት አቅም አለውና የቱ የቱን እንዳመጣ መለየት ይከብዳል። በ2012 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ በጎ ፈቃደኞችን ለምን እንደሚያገለግሉ ጠይቆ ነበር። ለሰው ብለው የሚያገለግሉት ረዘም ያለ ዕድሜ ነበራቸው። ለራሳቸው ጥቅም ብለው የገቡት ግን ካላገለገሉት አልተለዩም። ዕድሜ ለማርዘም ብሎ መስጠት አይሠራም ማለት ነው፣ ትንሽ ያስቃል።

አሁን ወደ ድብርቱ። ይሄኛው ያሳስበኛል። የጓደኛሽን ምክር በቀጥታ አልቀበለውም። የ2008ቱ ሙከራ ውስጥ የነበረችው ኤሊዛቤት ደን ያለችበት ቡድን በኋላ 293 የኮሌጅ ተማሪዎችን በዕጣ ከፍሎ ግማሹን በጎ ፈቃድ ሥራ ላይ አሰማራ። በወራት ክትትል ውስጥ ተራ እንዲጠብቁ ከተደረጉት ከሌሎቹ የተለየ የደስታ ለውጥ አላገኘም። ይህን ተመራማሪዎቹ ራሳቸው አሳተሙት፣ ምስጋና ይገባቸዋል። ስለዚህ «ማዕከል ሄደሽ አገልግዪ፣ ይለቅሻል» የሚል ዋስትና የለም። በዚያ ላይ ያንቺ ጓዳ አሁን ባዶ ነው። በሳምንት አንድ የዕረፍት ቀንሽን ወስደሽ ሌላ ግዴታ ብትጨምሪበት ከሁለት ወር በኋላ «እሱም አልሠራልኝም» ብለሽ ትጽፊልኛለሽ።

ትንንሽ ደግነት ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ኦሃዮ ውስጥ ድብርት ወይም ጭንቀት የጠናባቸው 122 ሰዎች በሦስት ቡድን ተከፍለው ለአምስት ሳምንት ተሞክሯል። አንዱ ቡድን ከሰው ጋር የሚያገናኝ ፕሮግራም ያዘጋጃል። አንዱ አሉታዊ ሐሳቡን እየጻፈ ይመረምራል። ሦስተኛው በሳምንት ሁለት ቀን፣ በቀን ሦስት ትንንሽ ደግነት ያደርጋል፤ ለጓደኛ ብስኩት መጋገር፣ ሰውን በመኪና ማድረስ፣ እንዲህ ያለ ነገር። ሦስቱም ተሻላቸው። ከሰው ጋር የመቀራረብ ስሜት ላይ ግን የደግነቱ ቡድን በለጠ። ምክንያቱ ግልጽ ይመስለኛል። ድብርት ሰውን ወደ ራሱ ይጠቀልለዋል። ለሌላ ሰው ቡና ስታፈዪ ለዚያች ሰዓት ከራስሽ ትወጫለሽ።

ይሄ ሕክምናን አይተካም። ድብርቱ ሁለት ሳምንት ካለፈው፣ እንቅልፍ ከነሳሽ ወይም ከአልጋ መነሳት ከከበደሽ፣ የምትወጂው ነገር ሁሉ ካስጠላሽ ቅርብሽ ያለ ጤና ጣቢያ ሂጂና እንዲህ ሆንኩ በዪ። አማኑኤል ሆስፒታል የሚላክም አለ፣ እዚያው ታይቶ የሚመለስም አለ። መኖር አስጠላኝ የሚል ሐሳብ ከመጣ ቀጠሮ አትጠብቂ፣ ዛሬውኑ ሰው ይዘሽ ሂጂ። ደረቴን ይጨንቀኛል ያልሽውንም ሐኪም ይየው። ጭንቀት ሊሆን ይችላል፣ የደም ማነስም ሊሆን ይችላል፣ ልብም ሊሆን ይችላል። በእኔ መልስ የሚታወቅ አይደለም።

የምመክርሽ እንዲህ ነው። ቀጣዩ ደሞዝ ከመግባቱ በፊት ያሉሽን እህት ወንድሞች አንድ ላይ ሰብስቢ። የእናታችሁ መድኃኒት በወር ስንት እንደሆነ ከፋርማሲው ደረሰኝ ላይ አሳዪያቸው። ማንንም ሳትወቅሺ፣ ልክ እንደ እድር፣ ለእያንዳንዱ ድርሻ ስጪ። 200 ብር የሚችል 200 ያምጣ። ሥራ የሌለው ወንድምሽ ደግሞ መድኃኒቱን ሄዶ ይግዛ፣ እናታችሁን ለቀጠሮ ይውሰድ። ያንቺን ድርሻ እንደ ቤት ኪራይ ቁጠሪው። ኪራይ ከፍሎ ደስታ የሚጠብቅ የለም። የሚያስደስት ነገር ከመጣ ግን እሰየው፤ እናትሽ «ተባረኪ» ሲሉሽ እየቸኮልሽ ስልክ አትዝጊ።

የወንድምሽ ነገር ከበድ ይላል። በየሳምንቱ የሚመጣ፣ መጨረሻ የሌለው ብር ለእሱም ጥሩ አይደለም። የወንድ ልጅ ክብሩን ነው የሚነካው፣ አይነግርሽም እንጂ። መጨረሻ አብጂለት። «እስከ ፋሲካ በወር አንዴ ይሄን ያህል እልካለሁ፣ ከዚያ በኋላ አልችልም» ብለሽ ንገሪው። በስልክ አይሁን፣ ፊት ለፊት ይሁን። ሲያኮርፍ ጊዜ ስጪው። ብዙዎቹ ከጠበቅነው ቀድመው ይረዳሉ።

ለመዋጮውና ለጥሪው ልክ አውጪ። በወር ለዚህ የምትመድቢውን ገንዘብ ለይተሽ አስቀምጪ፤ ሲያልቅ አልቋል። «አይ» ማለት ይከብደናል፣ አውቃለሁ። ግን ባህላችን እምቢታን ያላስተማረን እንዳይመስልሽ። መንገድ ላይ ለሚለምን ሰው የምንሰጠው ስናጣ «እግዜር ይስጥልኝ» ብለን እናልፋለን። እሱም አይቀየምም፣ እኛም አንዋሽም። ለዘመድና ለባልደረባም አጭር ቃል ይበቃል፦ «በዚህ ወር አይመቸኝም።» ምክንያት አትደርድሪ። ምክንያት ስትደረድሪ ክርክር ትከፍቻለሽ።

ከዚያ የሚተርፈው ትንሽ ነገር ያንቺ ነው። በሳምንት አንድ ቀን ምረጪ፣ ቅዳሜ ይሁን። ሶንያ ሉቦሚርስኪ የምትባል ተመራማሪ በ2005 እንዳሳየችው በሳምንት አምስት ደግነቶችን ከሚበትኑት ይልቅ በአንድ ቀን ያደረጓቸው ሰዎች ናቸው የተጠቀሙት። አንድ ጥናት ነውና ሕግ አታድርጊው። ግን ለአንቺ ይስማማሻል፣ ቀኑ ካለፈ አለፈ። አምስትም አይሁን፣ ሁለት ይብቃ። ገንዘብ ባይኖርበት ይመረጣል፣ ለጊዜው የገንዘብ ነገር ስለቆሰለብሽ። ደረጃ ላይ ዘምቢል የምትጎትተዋን ጎረቤት አግዢ። ከረሳሻት ጓደኛሽ ጋር ደውለሽ ሥራ ሳይኖርሽ አውሪ። ሙስሊም ወገኖቻችን ፈገግታም ሰደቃ ነው ይላሉ፤ ታክሲ ውስጥ የረዳቱን ፊት ቀና ብለሽ አይተሽ «አመሰግናለሁ» ማለት ምንም አያስከፍልም። «ይሄማ ምን አላት» ብለሽ አትተዪው። ቺካጎ ውስጥ በክረምት በረዶ መንሸራተቻ ቦታ ላይ ሰዎች ለማያውቁት ሰው ትኩስ ቸኮሌት እንዲሰጡ ተደርጎ ነበር። ሰጪዎቹ ተቀባዩን ምን ያህል እንደሚያስደስተው ሲገምቱ ዝቅ አድርገው ነው የገመቱት። ያቺ ስኒ ተቀባዩ ዘንድ ከጠበቁት በላይ ትልቅ ነበረች።

ስድስት ሳምንት ሞክሪውና ጻፊልኝ። በዚህ መሃል የቢሮው ወረቀት መምጣቱ አይቀርም። ሲደርስሽ ከላይ ያሉትን ቁጥሮች በመዳፍሽ ሸፍኚ፣ የታመመው ማን እንደሆነ መጀመሪያ ጠይቂ፣ ከዚያ ያንቺን ጻፊ።